ለጣና ዳር ዓሣ ቤት ታፔላና የአምባዛ ቅርጽ ስሠራ

ባሕር ዳር ውስጥ ከጣና ሐይቅ ብዙም የማይርቅ ዓሣ ቤት ያላቸው አንዲት ወይዘሮ ሁለት ነገር እንድሠራላቸው ጠየቁኝ። አንደኛው «ዓሣ ቤት» የሚለው ስም ከግድግዳው ጎልቶ ቀን በጥላው፣ ማታ በመብራቱ እንዲነበብ ነበር፤ ሁለተኛው ደግሞ ከመግቢያው በላይ ትልቅ የአምባዛ ቅርጽ እንዲሰቀል ነበር። ሁለቱንም ከንድፍ እስከ ሰቀላ ከረዳቶቼ ጋር ስለሠራኋቸው፣ በዚህ ሙያ ላሉና ሊገቡበት ለሚያስቡ ይጠቅማል ያልኩትን እጽፋለሁ።

ከሁሉ በፊት ያጠናሁት ግድግዳውን ነው። ሐይቁ ከከተማው በስተሰሜን ስለሆነ ቤቱ ጀርባውን ለውኃው፣ ፊቱን ዘንባባ ለተተከለበት መንገድ ሰጥቶ በስተደቡብ ይመለከታል። ባሕር ዳር ከምድር ወገብ በስተሰሜን 11 ዲግሪ ተኩል ገደማ ላይ ስለምትገኝ፣ ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ ነሐሴ አጋማሽ የቀትር ፀሐይ ወደ ሰሜን ታዘነብላለች፤ በቀሩት ወራት ግን ከደቡብ በኩል ሆና ይህን ግድግዳ በቀጥታ ታገኘዋለች። ፀሐይዋ ከፍ ብላ ስለምትመታ የፊደሉ ጥላ ወደ ታች ይወርዳል፤ ፊደሉ በጣም ከጎላ ደግሞ ጥላው የራሱን ክፍተት ይሞላውና ቅርጹን ያጠፋዋል። ስለዚህ «ብዙ በጎላ ቁጥር ያምራል» የሚለውን የተለመደ አስተሳሰብ ትቼ የፊደሉን ውፍረት በ5 ሴንቲ ሜትር ወሰንኩት።

የላቲን ፊደል ታፔላ የሚሠሩ ሰዎች የቆየ ልኬት አላቸው፤ ለእያንዳንዱ 3 ሜትር ርቀት 2.5 ሴንቲ ሜትር ቁመት ይሰጣሉ። ከመንገዱ ማዶ እስከ ግድግዳው 30 ሜትር ያህል ስለሆነ በዚያ ስሌት 25 ሴንቲ ሜትር በበቃ ነበር። ለእኛ ፊደል ግን አይበቃም፤ ምክንያቱም የፊደላችን ማንነት ብዙ ጊዜ የሚታወቀው እግሩ ላይ ባለች ትንሽ ቅጥያ ነው። «ቤ»ን ከ«ቢ» የሚለየው ከቀኝ እግሩ ግርጌ ያለው ቀለበት ብቻ ነው። ለመጽሐፍ የተሠራን የኮምፒውተር ፊደል አወፍሮ መቁረጥ በሙያችን የተለመደ ቢሆንም፣ ሲወፍር የቀለበቱ ቀዳዳ ይደፈንና «ቤት» የሚለው ቃል ከሩቅ «ቢት» ሆኖ ይነበባል። የ«ዓ» ክብም በአንድ እግር ብቻ ስለሚቆም፣ እግሩ ከቀጠነ ብረቱ በዚያው ቦታ ይታጠፋል፤ የ«ሣ» ወደ ላይ የቆሙ ሦስት ክንዶች ደግሞ ሲቀራረቡ ከመንገድ ማዶ አንድ ወፍራም ክንድ ይመስላሉ።

በዚህም ምክንያት አራቱንም ፊደላት እንደገና በእጄ ነደፍኳቸው። ቁመታቸውን 40 ሴንቲ ሜትር አደረግሁ፤ የ«ቤ»ን ቀለበት አስፍቼ ቀዳዳው ከእግሩ ውፍረት እንዳያንስ አደረግሁ፤ የ«ዓ»ን እግር አደንድኜ ከውስጥ በብረት ማጠናከሪያ ደገፍኩት፤ በ«ሣ» ክንዶች መካከል ያለውንም ክፍተት አሰፋሁት። ከዚያ በወረቀት ቆርጬ ግድግዳው ላይ ለጠፍኩና ጠዋት፣ ቀትርና ምሽት ከመንገዱ ማዶ ሆኜ አየሁት። ቁሳቁስ ከመቆረጡ በፊት ንድፉን በትክክለኛ መጠኑ፣ በሚሰቀልበት ቦታ ማየት የሚያስገኘውን ጥቅም ምንም ዓይነት የኮምፒውተር ሥዕል አይተካውም ብዬ አምናለሁ።

የፊደሎቹን ፊት ከአሉሚኒየም ቆርጠን፣ ጎናቸውን በእጅ እየቀለበስን አያያዝን። መብራቱን በፊደሉ ፊት ሳይሆን በጀርባው አደረግሁት፤ ኤልኢዲው ግድግዳውን ሲያበራ ፊደሉ በብርሃን ተከቦ ጠቁሮ ይታያል፣ ትንንሽ ክፍተቶችም ብርሃን ስለሚያልፍባቸው ይበልጥ ይነበባሉ። ይሁን እንጂ የቤቱ ግድግዳ እንደ አካባቢያችን ብዙ ግንቦች በጥቁር ድንጋይ የተለበጠ ነው፤ ጥቁርና ሻካራ ድንጋይ ደግሞ ብርሃን ይውጣል። ስለዚህ ከፊደሎቹ ኋላ ያለው ቦታ ተለስኖ ነጣ ያለ ቀለም እንዲቀባ ባለቤቷን ጠየቅሁ፤ እርሳቸውም ተስማሙ። ከሐይቁ የሚነሡት ጥቃቅን ነፍሳት በነጭ ሰማያዊ ብርሃን ይበልጥ ስለሚሳቡ ሞቅ ያለውን፣ ወደ ቢጫ የሚያደላውን ባለ 3000 ኬልቪን (የብርሃን መልክ መለኪያ) መብራት መረጥኩ።

ስለ ፊደሎቹ ቀለም ብዙ አልልም። ባለቤቷ ደማቅ ቀይ ይወዱ ነበር። ነገር ግን ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ናት፤ የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር ደግሞ በየ1,000 ሜትሩ 10 በመቶ ገደማ ስለሚጨምር ብዙዎቹ ደማቅ ቀዮች ፈጥነው ይነጣሉ። ከብረት ዝገት የሚገኘው ቀይ አፈር መልክ ያለው ቀለም ግን ጨረሩን በደንብ ይቋቋማል፤ እርሱን ቀባን።

አምባዛውን ከመጀመሬ በፊት ዓሣ ወደሚወርድበት ዳርቻ ሄድኩ። አንድ አዛውንት ዓሣ አጥማጅ «አባባ፣ አንዱን ልለካው?» ስላቸው ዓሣውን ገልብጠው አሳዩኝና «ልጄ፣ መጀመሪያ ሆዱን እይ፤ የምትሰቅለው ላይ ነው፣ ሰው የሚያየው ከታች ነው» አሉኝ። ይህ አባባላቸው የቅርጹን አሠራር ወሰነው። አምባዛ ቅርፊት የለውም፤ ራሱ ጠፍጣፋና አጥንታም ነው፤ በአፉ ዙሪያ አራት ጥንድ ጢም አለው፤ የጀርባው ክንፍም ከራሱ ኋላ ተነሥቶ እስከ ጭራው ሥር ይደርሳል። ከታች ለሚያይ ሰው ግን የሚታየው ነጣ ያለው ሆዱ፣ የመንጋጋው ስፋትና ጢሙ ስለሆነ፣ ጊዜዬን አብዛኛውን እነዚህ ላይ አዋልኩ፤ ራሱንም ትንሽ ወደ ፊት እንዲያዘነብል አደረግሁ።

አጽሙን ከፌሮ በየድን፤ ጢሞቹንም ከቀጭን ክብ ብረት ሠርተን ከአጽሙ ጋር አንድ ላይ በየድናቸው፣ ምክንያቱም በኋላ የሚለጠፍ ጢም በነፋስ ይነቀላል። በላዩ ነጭ ፎም አጣብቀን በኤሌክትሪክ በጋለ የኒክሮም (ሙቀት የሚችል) ሽቦ፣ በቢላዋና በብርጭቆ ወረቀት ቀረጽነው፤ ሽቦው ፎሙን ሲያቀልጥ ጎጂ ጭስ ስለሚወጣ ይህ ሥራ የተሠራው ደጅ ነው። ፎሙ ላይ የምንቀባው ሬዚን (ሲደርቅ እንደ ፕላስቲክ የሚጠነክር ፈሳሽ) ምርጫ እጅግ ወሳኝ ነው። ርካሹ ፖሊስተር ሬዚን ውስጡ ያለው ስታይሪን የተባለ ኬሚካል ነጭ ፎምን ያሟሟዋል፤ ፎሙን በኮላ ሸፍኖ መቀባት ይቻላል የሚሉ አሉ፣ ነገር ግን አንዲት የመርፌ ቀዳዳ ከቀረች ሬዚኑ በዚያች ገብቶ ውስጡን ባዶ ያደርገዋል። እኔ ዋጋው ቢወደድም ኢፖክሲ የተባለውን ሬዚን ተጠቅሜ ፋይበርግላሱን (የመስታወት ክር ጨርቁን) ደራርቤ አለበስኩት። ኢፖክሲም ፀሐይ ላይ ይበላሻልና ስቱኮ ከተመታና ከተስተካከለ በኋላ በማጠንከሪያ የሚበጠበጥ የመኪና ቀለም ቀብተን በማብረቂያ ሸፈንነው።

ቅርጹን ያሰርነው የድንጋይ ልባሱን አልፈን ከኮንክሪቱ ምሰሶ ጋር ነው፤ ከሐይቁ የሚመጣው ነፋስ የሚያናውጠውን ነገር ልባስ ብቻ አይሸከመውም። አሉሚኒየምና ተራ ብረት እርጥበት ውስጥ ሲነካኩ ስለሚበላሉ የፊደሎቹ ብሎኖች ከፕላስቲክ ሮንዴላ ጋር የገቡ ስቴንለስ (የማይዝግ ብረት) ናቸው። የመብራቱ ኃይል መቀየሪያ ለጥገና እንዲመች ከቤቱ ውስጥ በሳጥን ተቀምጧል። በአምባዛው ሆድ ዝቅተኛ ቦታ ላይ ውኃ የሚወጣበት ቀዳዳ ትቻለሁ፤ ለባለቤቷም በየዓመቱ ሰኔ ከመግባቱ በፊት ቀዳዳውን በሽቦ እንዲያስጠርጉ፣ የሸረሪት ድሩንም በለስላሳ ጨርቅና በሳሙና ውኃ ብቻ እንዲያስጠርጉ በጽሑፍ ሰጥቻቸዋለሁ።