ጅማ ላይ፣ በክረምት፣ ጋላክሲ ላሳይ ብዬ

ይህን የምጽፈው እኔን ቀድሞ ያስጠነቀቀኝ ሰው ስላልነበረ ነው።

ስለ ሩቅ ጋላክሲዎች የ2 ሳምንት ትምህርት ነበር፤ ለ9ኛና ለ10ኛ ክፍል ልጆች። ቴሌስኮፕ ተዋስኩ። ፎቶዎች አሳተምኩ። 22 ልጆች ተመዘገቡ። እዚህ ድረስ ቀላል ነበር።

ያቃጠለኝ የሌሊቱ ፈቃድ ነው። አንድሮሜዳ ጋላክሲ በሐምሌ ከፍ ብላ የምትታየው ከሌሊቱ 6 ሰዓት በኋላ ነው። ስለዚህ ትምህርቱ በሚሰጥበት ግቢ ውስጥ ማምሸት ግድ ነው። ደብዳቤ አስገባሁ። «ማታ ሲባል ስንት ሰዓት ነው?» ተብሎ ተመለሰ። አስተካክዬ አስገባሁ። ፈራሚው ስብሰባ ላይ ናቸው። በነጋታው መስክ ወጥተዋል። ከዚያ ደግሞ ማኅተም የያዘችው ሠራተኛ ዕረፍት ላይ ናት። ዝናቡም አላባራ አለ፤ የጅማን ክረምት ታውቁታላችሁ።

በ8ኛው ቀን ምሽት ሰማዩ ድንገት ተገለጠ። ሰፈሩ መብራት ጠፍቶበት ድቅድቅ ብሏል። ፍኖተ ሐሊብ፣ የእኛዋ ጋላክሲ፣ ከዳር እስከ ዳር ተዘርግታለች። ልጆቹ ጋቢ ደርበው፣ አንዳንዶቹም ከአባታቸው ጋር መጡ። ዘበኛው በሩን ገርበብ አድርገው «ልጄ፣ ወረቀት ሳላይ አልከፍትም፤ እንጀራዬ ነው» አሉኝ። በእሳቸው አልፈርድም። ቴሌስኮፑ ግቢው ውስጥ እንደተቆለፈ እኛ በር ላይ ቀረን። 5 ሰዓት ሲሆን ልጆቹን ሸኘሁ።

ደብዳቤው በ13ኛው ቀን ተፈርሞ መጣ። ያን ማታ ዶፍ ወረደ። እስካሁን ያንገበግበኛል። ይበልጥ የምናደደው ግን በራሴ ነው፤ «የክረምት ትምህርት በክረምት ነው» ሲሉኝ እሺ ብያለሁ።

ትምህርቱን ያዳነው ማስመሪያ ነው፤ በቀለማት የተዘረዘረ የጋላክሲ ብርሃን በፎቶ ላይ መለካት። የሃይድሮጅን ጋዝ በብርሃን ውስጥ የሚተወው ቀይ መስመር እዚህ ምድር ላይ 656 ናኖሜትር (የብርሃን ሞገድ ርዝመት መለኪያ) ላይ ይገኛል። ከአንድ ጋላክሲ በመጣው ብርሃን ውስጥ ልጆቹ ሲለኩት 689 ላይ አገኙት። ሞገዱ የረዘመው ጋላክሲው እየሸሸን ስለሆነ ነው፤ በሰከንድ 15,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሸሸናል ማለት ነው። ይበልጥ የራቀ ጋላክሲ ይበልጥ ፈጥኖ ስለሚሸሽ፣ ከፍጥነቱ ተነስተው ርቀቱን ሲያሰሉ ወደ 700 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት መጣ፤ ብርሃኑ እኛ ጋ ለመድረስ ያን ያህል ዓመት ተጉዟል ማለት ነው። አንዷ እርሳሷን አስቀምጣ «ቲቸር፣ ይሄ ብርሃን ሲነሳ እኮ መሬት ላይ ሣር እንኳ አልነበረም!» አለች። ለዚህች ደቂቃ ስል ድጋሚ እለፋለሁ።

ቴሌስኮፕ ከሌለ ሥነ ፈለክ የለም የሚሏችሁን አትስሙ። የቀኑን ሥራ በክረምት ስጡ፣ የሌሊቱን ለኅዳር አቆዩት። ያኔ አንድሮሜዳ ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ በሰሜን በኩል ከፍ ብላ ትጠብቃችኋለች። ደብዳቤውን ከወር በፊት አስፈርሙ፣ ሰዓቱን በቁጥር ጻፉ፣ ማኅተም ያለበትን ቅጂ ራሳችሁ ለዘበኛው በእጃቸው ስጡ።