የዲስክ ጎልፍ ፕሮ ከማን ኪስ ይበላል?

በ2021 ፖል ማክቤዝ የተባለ የካሊፎርኒያ ልጅ ዲስክራፍት ከሚባል ኩባንያ ጋር የ10 ዓመት ውል ፈረመ። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) ውሉ 10 ሚሊዮን ዶላር ነው። የሰውየው ሥራ ፕላስቲክ ዲስክ መወርወር ነው። ዜናው ሲሰማ ስፖርቱን የማያውቀው ሳቀ፣ የሚያውቀው ደግሞ "አሁንስ ደረስን!" አለ። እኔን የገረመኝ ግን የብሩ ብዛት ሳይሆን ከፋዩ ነው። የከፈለው ቴሌቪዥን ጣቢያ አይደለም። ትኬት ቆርጦ የገባ ተመልካችም አይደለም። ዲስክ የሚያመርት ፋብሪካ ነው። ስለ ፕሮ፣ ማለትም ሙያቸው አድርገው ለገንዘብ ስለሚጫወቱት ሰዎች ዲስክ ጎልፍ የምለው ሁሉ ከዚህ ነው የሚነሳው።

ለማታውቁት በአጭሩ። ጎልፍ ነው፣ ግን ዱላም ኳስም የለውም። ከመነሻው ዲስክ ትወረውራላችሁ፣ ካረፈበት ቆማችሁ እንደገና ትወረውራላችሁ፣ መጨረሻ ላይ ሰንሰለት የተንጠለጠለበት የብረት ቅርጫት ውስጥ ትከታላችሁ። ባነሰ ውርወራ የጨረሰ አሸነፈ። ለሩቅ ድራይቨር፣ ለመካከለኛ ሚድሬንጅ፣ ለቅርብ ፑተር የሚባል ዲስክ አለ። ድራይቨር ጠርዙ ሹል ስለሆነ ሩቅ ይሄዳል፣ ጀማሪ እጅ ላይ ግን ገና ከመነሳቱ ተጠምዝዞ ጫካ ይገባል። ከአንድ መነሻ እስከ ቅርጫቱ ያለው ሆል ይባላል፤ ሜዳው ብዙውን ጊዜ 18 ሆል አለው፣ አብዛኛው የሕዝብ ፓርክ ውስጥ ስለሆነም መጫወት በነፃ ነው። እዚህ ሜሪላንድ ፓርክ ወጥታችሁ ሥጋ ስትጠብሱ ከዛፎቹ መሀል ቦርሳ ያዘለ ሰው ብቅ ብሎ፣ ቀጥሎ የሰንሰለት ድምፅ ሰምታችሁ ከሆነ፣ እሱ ነው።

ነገሩ ከጥንስሱ ፕላስቲክ ከመሸጥ ጋር የተያያዘ ነው። የስፖርቱ አባት ኤድ ሄድሪክ የዋም-ኦ ሰው ነበር፤ ዋም-ኦ ማለት ፍሪዝቢ የሚባለውን የመጫወቻ ዲስክ ለዓለም የሸጠው ኩባንያ ነው። ሄድሪክ ፍሪዝቢው ቀጥ ብሎ እንዲበር አሻሽሎ ፓተንት አወጣበት። ከዚያ በ1975 ካሊፎርኒያ ላ ካኛዳ ውስጥ ኦክ ግሮቭ ፓርክ ላይ የመጀመሪያውን ቋሚ ሜዳ ዘረጋ። መጀመሪያ ኢላማው ምሰሶ ነበር። በምሰሶ ሲጫወቱ ደግሞ "ነካ፣ አልነካም" የሚል ጭቅጭቅ አያልቅም። ስለዚህ ሰንሰለት ያለው ቅርጫት ሠራ። ሰንሰለቱ የዲስኩን ፍጥነት ይውጣል፣ ዲስኩ ቅርጫቱ ውስጥ ይወድቃል፣ ክርክሩም ያበቃል። በ1976 ፒዲጂኤ የሚባለውን የፕሮዎች ማኅበር መሠረተ፣ የአባልነት ቁጥር 1ን ለራሱ ያዘ። በ2002 ሲሞት በኑዛዜው መሠረት አመዱ ከፕላስቲክ ጋር ተቀላቅሎ ዲስክ ሆነ። ከዚህ በላይ ለሥራው የተሰጠ ሰው ካለ ጥሩልኝ።

በ1979 ዋም-ኦ 50,000 ዶላር ያቀረበበት ትልቅ ውድድር ሀንቲንግተን ቢች ላይ ተካሄደ። ለዚያ ዘመን ቀላል ገንዘብ አይደለም። ኩባንያው ግን የሚፈልገው ፍሪዝቢ መሸጥ ስለነበር እንደዚያ እየደገሰ አልዘለቀም። በ80ዎቹ መጀመሪያ ማኅበሩ ወደ ተጫዋቾቹ እጅ ገባ። እነ ዴቭ ደኒፔስ በ1983 ጠርዙ የተሾለ ዲስክ አመጡ፣ ዲስክ ከድሮው ፍሪዝቢ እጅግ ርቆ መብረር ጀመረ፣ ኢኖቫ የሚባለው ኩባንያም በዚያ ተነሳ። ጨዋታው ተለወጠ። ገንዘቡ ግን ባለበት ቀረ።

ቀረ ስል፣ ሽልማቱ ከተጫዋቹ ከራሱ ኪስ ነበር የሚወጣው። ሁሉም መመዝገቢያ ይከፍላል፣ ብሩ ይሰበሰባል፣ ከላይ ያለው ግማሽ ወይም ከዚያ ያነሰው ተጫዋች ይከፋፈለዋል፣ ሌላው ባዶ እጁን ወደ ቤቱ ይነዳል። ይሄ እቁብ እንኳ አይደለም፤ እቁብ ቢያንስ ተራህ ይደርሳል። ኬን ክላይሞ 12 ጊዜ የዓለም ሻምፒዮን ሆኗል፣ ከ1990 እስከ 1998 ደግሞ በተከታታይ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በዓለም ሻምፒዮና የሚያሸንፈው ሰው አልነበረም። በሌላ ስፖርት ይህን ያደረገ ሰው ሐውልት ይቆምለታል፤ ክላይሞን ከስፖርቱ መንደር ውጭ ስንቱ ያውቀዋል?

ከዚህም የረቀቀ አንድ ነገር አለ፣ ከስፖርቱ ውጭ ያለ ሰው አያውቀውም። አማተር ሲያሸንፍ በተለምዶ ገንዘብ ሳይሆን ዲስክ ወይም የዲስክ ሱቅ ኩፖን ነው የሚሰጠው። አዘጋጁ ዲስኩን በጅምላ ዋጋ ይገዛዋል፣ ሲሸልም ግን በችርቻሮ ዋጋ ያሰላዋል። ልዩነቱ አዘጋጁ ጋ ይቀራል። በዚያ ብር ተንቀሳቃሽ ሽንት ቤት ይከራያል፣ የፓርኩን ክፍያ ይከፍላል፣ ብዙ ቦታ ደግሞ የፕሮዎቹን ሽልማት ያሳብጣል። ሌብነት አይደለም፣ ሁሉም የሚያውቀው አሠራር ነው። ግን ተመልከቱት፦ ቅዳሜ ጠዋት 60 ዶላር ከፍሎ የተመዘገበው የመጋዘን ሠራተኛ ነው ፕሮውን የሚያበላው። ያ ፕሮ ደግሞ ከከተማ ከተማ በቫን እየዞረ፣ ብዙ ጊዜ ቫኑ ውስጥ እያደረ ነው የሚጫወተው።

በ2016 ስቲቭ ዶጅ ዲስክ ጎልፍ ፕሮ ቱርን ጀመረ። የተበታተኑት ትልልቅ ውድድሮች በአንድ የውድድር ዘመን፣ በነጥብና በመዝጊያ ሻምፒዮና ታሰሩ። ጥሩ ሥራ ነው። ለእኔ ግን ስፖርቱን ከመንደር ያወጣው ካሜራው ነው። ጆሜዝፕሮ የሚባሉት የጆናታን ጎሜዝ ቡድን ሰዎች መሪዎቹን አራት ተጫዋቾች ተከትለው ይቀርጹና በማግስቱ ቆራርጠውና አሳምረው ዩትዩብ ላይ በነፃ ይለቁ ነበር። ተንታኞቹ ጄረሚ ኮሊንግና ኔት ሴክስተን ራሳቸው ፕሮዎች ናቸው፤ ሴክስተን እንዲያውም በ2017 የአሜሪካን ሻምፒዮና ያሸነፈ ነው። ዲስኩ ገና አየር ላይ እያለ የት እንደሚያርፍ ይነግሯችኋል፣ ይሳሳቃሉ፣ ማንንም አይሰድቡም። በ2020 ኮሮና መጣ፣ ጂም ተዘጋ፣ ፓርክ ብቻ ክፍት ሆነ፣ ይህ ሁሉ ቪዲዮ ደግሞ በነፃ ተዘርግቶ ይጠብቅ ነበር። ሱቆች ዲስክ አለቀባቸው፣ ፋብሪካ ማድረስ አቃተው። የማክቤዝ ውል የዚያ ወቅት ልጅ ነው።

ከዚያ ኦግደን መጣ። ዩታ፣ 2021፣ የዓለም ሻምፒዮና፣ የመጨረሻው ዙር 18ኛ ሆል። ማክቤዝ በአንድ ውርወራ ይመራል፣ በቀላሉ የሚጨርስበት ቦታም ደርሷል። ጄምስ ኮንራድ፣ ጸጉሩን ያስረዘመ፣ ፂሙን ያንዠረገገ ዝምተኛ ሰው፣ ከቅርጫቱ 247 ጫማ ርቆ ቆሟል፣ 75 ሜትር ማለት ነው። አቻ ለመውጣት ከዚያ ማስገባት አለበት። ፑተር አወጣ። በቀስታ ከፍ አድርጎ ለቀቀው፣ ዲስኩ እየዞረ ወረደ፣ ሰንሰለቱን መታ፣ ገባ። ሰዉ አጥር ያለ አልመሰለውም፣ ሜዳውን ሞላው። ማክቤዝ ራሱ ከመሳቅ በቀር ምን ያድርግ? ኮንራድ በመለያው አሸነፈ። ቪዲዮው ዲስክ ጎልፍ ሰምቶ የማያውቅ ሰው ስልክ ውስጥ ሁሉ ገባ።

ቀጥሎ ምን ሆነ? የኮንራድ ስፖንሰር፣ ዲስክ አምራቹ ኤምቪፒ፣ የሻምፒዮኑን ስም የያዘ ያንኑ ፑተር ለገበያ አወጣ። ሰው ተሻምቶ ገዛ። አያችሁ? በስፖርቱ ታሪክ ትልቁ ቅጽበት ዞሮ ዞሮ የፕላስቲክ ማስታወቂያ ሆነ። በ2023 ደግሞ ጀርመናዊው ሳይመን ሊዞት ከዚያው ኩባንያ ጋር የ10 ዓመት ውል አሰረ፣ የዓለም ሻምፒዮንነት ሳይኖረው። ዩትዩብ ላይ የሚከተለው ሕዝብ ዲስክ ስለሚገዛ ነው። አልፈርድበትም፣ ልጁ ሲወረውር ማየት ራሱ ደስታ ነው። ግን አንድ ፕሮ ስፖርት በሙሉ በአንድ ዓይነት ሸቀጥ ላይ ከተንጠለጠለ፣ ሰው ዲስክ መግዛት የቀነሰ ዓመት ፕሮውም አብሮ ይወርዳል።

እና ማን ይክፈል? የእኔ መልስ ኤምፖሪያ ነች። ካንሳስ ውስጥ ያለች 24,000 ገደማ ሰው የሚኖርባት ከተማ። ዳይናሚክ ዲስክስ የተባለው ኩባንያ እዚያ ተወለደ፣ ዓመታዊ ውድድሩም ከተማዋን በሙሉ ይዞ አደገ። በውድድሩ ሳምንት ዋናው መንገድ ይዘጋል፣ ሙዚቃ አለ፣ ሆቴሉ ይሞላል፣ ምግብ ቤቱ ተጨማሪ ሰው ይቀጥራል፣ ፒዛ ቤቱ ቅርጫት በር ላይ ያቆማል። የዓለም ሻምፒዮናን በ2016ም በ2022ም አስተናግዳለች። እዚህ ጋ ገንዘቡ የመጣው ዲስክ ከማይወረውር ሰው ጭምር ነው። የሆቴሉ ባለቤት ምን ዓይነት ፑተር እንደሚሻል ግድ የለውም፣ የሚፈልገው እንግዳ ነው። ፕሮ ቱሩ ትልቅ ከተማ እያሳደደ ማንም ልብ ሳይለው ከሚያልፍ፣ እንዲህ ያሉ ውድድሩን የራሳቸው በዓል የሚያደርጉ ትንንሽ ከተሞችን ቢይዝ ይሻለዋል።

የሜዳ ነገር ላይ ግን ከብዙ ሰው ጋር አልስማማም። ተመልካች ሲበዛ ጫካ ውስጥ መቆሚያ የለም፣ ካሜራም ቅጠል ነው የሚያየው። ስለዚህ ውድድሩ ወደ ኳስ ጎልፍ ሜዳዎች ሄደ። ሣር ብቻ ስለሆነ ያለ እንቅፋት ይቀላል፤ ለማክበድ ገመድ ይዘረጉበታል፣ ከገመዱ ያለፈ ይቀጣል። ይሄ ሲበዛ ያሰለቻል። ከዛፍ ጋር የሚደረግ ትግል ሲቀር ስፖርቱ የርቀት ውርወራ ብቻ ይሆናል። ሮክ ሂል፣ ሳውዝ ካሮላይና ያለው ዊንትሮፕ ግን ሌላ ነው። ከ1999 ጀምሮ የአሜሪካን ሻምፒዮና የሚያስተናግደው እሱ ነው፣ እሱም ገመድ በገመድ ነው። 17ኛው ሆል አጭር ነው፣ ልጅም ይደርስበታል። ችግሩ ቅርጫቱ ዙሪያ የድርቆሽ እስር ተደርድሯል። ዲስኩ በድርቆሹ ከተከበበው ቦታ ውስጥ ካላረፈ ከመነሻው እንደገና ትወረውራለህ። በሦስት ውርወራ የሚመራ ሰው እዚያ ቆሞ እጁ ሲንቀጠቀጥ ታየዋለህ፣ ምን እንደሚያስፈራው ለማወቅ ደግሞ ሕጉን ማጥናት አያስፈልግህም። እንዲህ ሲሆን ገመዱም ይሁን ድርቆሹ ደስ ይላል። ሌላውን ጫካው ውስጥ ተዉልኝ። ፊንላንድ፣ ኖኪያ ከተማ ያለው "ቢስት" የሚባለው ሜዳ ዛፍም ሰውም ሞልቶበት ሲደምቅ አይተናል፤ በ2025 የዓለም ሻምፒዮናው ራሱ ፊንላንድ ሄዷል። አውሮፓ ውስጥ ጨዋታው በደንብ ሥር ሰዷል። ኢስቶኒያ ሕዝቧ 1.3 ሚሊዮን ገደማ ነው፣ ክሪስቲን ታታር ግን በ2022ም በ2023ም የዓለም ሻምፒዮን ሆናለች።

ሴቶቹን ካነሳሁ፦ ብዙ ቦታ ሴቶቹ ከወንዶቹ መነሻ ላይ ነው የሚወረውሩት፣ የሚለወጠው ፓሩ፣ ማለትም ለአንድ ሆል የሚጠበቀው የውርወራ ቁጥር ብቻ ነው። ሜዳው ረዝሞባቸው ሁሉም በተመሳሳይ ውርወራ ይጨርሳል፣ ጨዋታው ይደርቃል። መነሻውን ወደፊት ማምጣት ሲሚንቶ ከማፍሰስ ያለፈ ምን ወጪ አለው? ታታርና ኤቬሊና ሳሎነን ተናንቀው ሲወዳደሩ ያየ ሰው ይህን ለማሻሻል አያንገራግርም።

የቀጥታ ሥርጭቱ ወርሃዊ ክፍያ መሆኑም ገብቶኛል፣ ካሜራ ገንዘብ ይበላል። ቢያንስ የመጨረሻው ዙር ግን በነፃ መታየት አለበት። ኦግደንን ክፍያ ጀርባ ብትደብቁት ኖሮ ማን ያየው ነበር?

እኔ በበኩሌ ከእንግዲህ የምመዘገበው ዋንጫ ብቻ በሚሰጥባቸው ትንንሽ ውድድሮች ነው። መመዝገቢያው ርካሽ ነው፣ የዲስክ ሽልማት የለም፣ ማንም የማንንም ሽልማት አያሳብጥም። ለነገሩ ቤትም ቦታ የለም፤ ባለቤቴ የጫማ መደርደሪያውን ግማሽ ዲስክ እንደያዘው ካወቀች ወዲህ አዲስ ዲስክ ይዤ ስገባ መጀመሪያ የምትጠይቀኝ የትኛው እንደሚወጣ ነው።