መጀመሪያ ባትሪው

ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቡና ስንጠጣ አንድ ወንድማችን ጠጋ ብሎ፣ «ግሎክ 19 ሽጉጥ ገዛሁ። ማታ የሚያበራውን ማነጣጠሪያ ላስገጥምለት ወይስ ገንዘቤን ላስቀምጥ?» አለኝ። እሱም እንደኔ እዚህ ዳላስ አካባቢ ነዳጅ ማደያ ውስጥ የማታ ሺፍት ነው የሚሠራው። ስቶሩን ዘግቶ የሚወጣው እኩለ ሌሊት ላይ ነው። ቆሞ የሚመለስ ጥያቄ ስላልሆነብኝ ቁጭ ብዬ ጻፍኩት።

ስለ ዕቃው ላስቀድም። ማነጣጠሪያው ውስጥ ከሩዝ ፍሬ የማትበልጥ የመስታወት ቱቦ አለች። በውስጧ ትሪቲየም የሚባል ጋዝ ታሽጓል። ጨረር የሚያወጣ የሃይድሮጅን ዓይነት ነው። ጨረሩ ከውስጥ የተቀባውን፣ ፎስፈር የሚባል ጨረር ሲነካው የሚያበራ ቅብ ሲመታው ቱቦዋ ታበራለች። ቻርጅ አያስፈልጋትም፤ ሌሊቱን ሙሉ እንደበራች ታድራለች። ባለቤቴ «ጨረር» የሚለውን ስትሰማ «እንዴት ወገብህ ላይ ታስረዋለህ?» ብላ ደንግጣ ነበር። ግን በጣም ደካማ ጨረር ነው፣ ቆዳ እንኳን ዘልቆ አይገባም።

ጉዳቱ እያረጀ መሄዱ ነው። 12 ዓመት ገደማ ሲሞላው ትሪቲየሙ በግማሽ ይቀንሳል። የኔን ሽጉጥ የገዛሁት ያገለገለ ነበር። ሻጩ «የማታ ማነጣጠሪያ አለው» ብሎ ዋጋ ጨመረበት። ቤት ወስጄ መብራት ሳጠፋ ከሦስቱ የሚያበሩ ነጥቦች (አንዷ ከፊት፣ ሁለቱ ከኋላ) ሁለቱ ሞተዋል፣ አንዷ ብቻ ጭል ጭል ትላለች። እዚያው ሱቁ ውስጥ በጃኬቴ ሸፈን አድርጌ ማየት ነበረብኝ። ያገለገለ የምትገዙ ይህን አትርሱ።

አዲስ አስገጠምኩና አንድ ማታ ጋራዤ ውስጥ ልሞክረው አልኩ። የጥይት ካርታውን ከሽጉጡ አወጣሁ፣ በርሜሉን ሁለት ጊዜ አየሁ፣ ጥይቶቹን ሌላ ክፍል አስቀመጥኩ። ጥቁር የሥራ ጃኬቴን መሰላል ላይ ሰቀልኩት። ከዚያ መብራቱን አጠፋሁ።

ሦስቱ አረንጓዴ ነጥቦች ጥርት ብለው ታዩኝ። ደስ ሲሉ! ጃኬቱ ግን የለም። አምስት እርምጃ ላይ ያለ ጃኬት ፈጽሞ አይታየኝም። እዚያ የተሰቀለው ጃኬት ይሁን የቆመው ልጄ ይሁን የማውቅበት መንገድ አልነበረኝም። ያን ጊዜ ሰውነቴን ቀዘቀዘኝ።

ቀጥሎ በግራ እጄ የእጅ ባትሪ አበራሁ። ጃኬቱ ከነዚፑ ወለል ብሎ ታየ። ነጥቦቹ ደግሞ ጠፉ። ማነጣጠሪያው ብርሃኑ ላይ ጥቁር ሆኖ ስለሚታይ እነሱ አላስፈለጉኝም። ከፋብሪካ የሚመጣው ተራ ፕላስቲክ ቢሆንም ያው ነበር።

በመጨረሻ የጋራዡን በር ከፍቼ የመንገዱን መብራት አስገባሁ። ጃኬቱ ይለያል፣ ግን ጨለም ብሏል። ተራው ፕላስቲክ ቢሆን ጥቁሩ ላይ ይጠፋ ነበር፤ የሚያበራው ግን እዚህ ጋ በደንብ ረዳኝ። የሚጠቅመው እዚህች መሃል ላይ ነው። ጠባብ ቦታ ናት፣ ግን የምንሠራበት ፓርኪንግ አብዛኛው እንደዚያ ስለሆነ አልንቃትም።

አያቴ ጎጃም ውስጥ ማማ ላይ ሆኖ በቆሎውን ከከርከሮ ሲጠብቅ፣ የምንሽሩ ጫፍ ላይ ነጭ ጥጥ በሰም ይለጥፍ ነበር። ሐሳቡ ከትሪቲየሙ አይለይም። ጨረቃ ከሌለች ግን ጥጡም እያለ አይተኩስም። በወንጭፍ ድንጋይ ይወረውራል፣ ይጮኻል። ማሳው ውስጥ የሚንኮሻኮሸው የጎረቤት ልጅ ሊሆን ይችላላ!

ክረምት ላይ የደረሰብኝን ልንገራችሁ። ዘግቼ ከስቶሩ ጀርባ ቆሻሻ ልጥል ወጣሁ። የጓሮው መብራት ተቃጥሏል። አንድ ሰው ከቆሻሻ መጣያው ጎን ብቅ ብሎ ፈጠን ፈጠን እያለ ወደኔ መጣ። አንድ እጁ ኪሱ ውስጥ ነው። የኔም እጅ የሸሚዜ ጫፍ ላይ ደረሰ። ግራ እጄ ግን ባትሪውን ቀድሞ አበራ። ስልኩን ረስቶ የተመለሰው፣ ከእኛው ጋር የሚሠራው ተማሪ ልጅ ነበር። በብርሃኑ ዓይኑን ሸፍኖ «ጋሼ፣ እኔ ነኝ!» አለ። መኪናዬ ውስጥ ገብቼ ብዙ ደቂቃ ቁጭ አልኩ። ያን ሌሊት ያ ልጅ ወደ ዶርሙ የገባው በአረንጓዴ ነጥብ አይደለም።

ስለዚህ ወንድሜ፣ መጀመሪያ ጥሩ የእጅ ባትሪ ግዛ። ሽጉጥ ላይ የሚገጠመውን አላልኩም፤ በሱ ሰው ለማየት አፈሙዝ ሰው ላይ ማዞር ግድ ነው። ከዚያ ገንዘብህን ለልምምድ ጥይት አውጣ። ቴክሳስ ከመስከረም 2021 ወዲህ 21 ዓመት ለሞላውና ሕግ ለማይከለክለው ሰው ያለ ፈቃድ መታጠቅ ብትፈቅድም፣ የፈቃዱን ትምህርት ውሰድ። እዚያም የተኩስ ፈተናው 50 ጥይት ነው፣ በ3፣ በ7 እና በ15 ያርድ። እኔ የተፈተንኩት መብራቱ ቦግ ባለበት ቦታ ነው። የጨለማውን ራስህ መለማመድ አለብህ።

ከዚህ ሁሉ ከተረፈህ ማነጣጠሪያውን አስገጥም። ከመቶ ዶላር በላይ ልትከፍል ትችላለህ። የፊቱ ነጥብ ደማቅ ቀለበት ያለው፣ የኋላው ጥቁር ወይም ደብዘዝ ያለ ይሁን። ሦስቱም እኩል ሲያበሩ የቸኮለ ዓይን የፊቱን ከኋላዎቹ ጋር ያምታታል፤ ጋራዡ ውስጥ ሁለት ጊዜ ደርሶብኛል። በመዶሻ አትምታው፣ መግፊያ መሣሪያ ያለው ሰው ይግጠምልህ። ከዚያ በቀን ወስደህ ተኩስበት፣ የት እንደሚመታ እይ።

ሐሙስ ማታ ሥራ የለኝም። ሽጉጡን ባዶ አድርገህ ና። ጃኬቱን እሰቅለዋለሁ።