«ይህን የደመወዝ ካርድ የመቀበል ግዴታ የለብዎትም»

አሜሪካ ውስጥ ሥራ በጀመርኩበት ዕለት ካስፈረሙኝ ወረቀቶች ጋር የደመወዝ ካርድ የያዘ ፖስታ ተሰጠኝ። የአስተዳደር ሠራተኛዋ ደመወዜ በዚያ እንደሚገባ ነግራኝ የምፈርምበትን መስመር በጣቷ አሳየችኝ፤ እኔም ሳላነብ ፈረምኩ። ከካርዱ ጋር የመጣውን የአገልግሎት ክፍያ ሠንጠረዥ የገለጥኩት ሁለት ደመወዝ ከተቀበልኩ በኋላ ሲሆን፣ ካርዱን የመቀበል ግዴታ እንደሌለብኝና ስለ ሌሎች የአከፋፈል መንገዶች አሠሪዬን መጠየቅ እንደምችል እዚያው ላይ ተጽፎ አገኘሁት። ይህ የአሠሪዬ ደግነት እንዳይመስላችሁ፤ ለሠራተኛው አማራጭ እንዳለው በጽሑፍ እንዲነገረው የሚያስገድደው ከኤፕሪል 2019 ጀምሮ ሥራ ላይ የዋለው የፌዴራል ደንብ ነው።

የጥበቃው መሠረት በ1978 የወጣው የኤሌክትሮኒክ ገንዘብ ዝውውር ሕግ ሲሆን፣ አሠሪ በመረጠው አንድ ባንክ ብቻ ሂሳብ መክፈትን የቅጥር ቅድመ ሁኔታ እንዳያደርግ ይከለክላል። ይህ ሲባል ግን ቼክ የማግኘት መብት ሁሌም አለ ማለት አይደለም። ባንኩን ሠራተኛው እስከመረጠ ድረስ ደመወዝ በቀጥታ ወደ ሂሳብ ይግባ ብሎ ማስገደድ በፌዴራሉ ሕግ ይፈቀዳል፤ አንዳንድ ክፍላተ ሀገር ግን ከዚህ የጠበቀ ሕግ አላቸው። «ይህን ካርድ ካልወሰድክ ደመወዝ የለም» ማለት ግን አይቻልም።

ደንቡ የአገልግሎት ክፍያን የሚከለክል ይመስለኝ ነበር፤ ለካ በቅድሚያ እንዲገለጽ ማስገደዱ እንጂ መጠኑን አይወስንም። እኔን ያናደደኝ ደግሞ ሽርፍራፊው ነው። የምጠቀምበት ኤቲኤም የሚሰጠው በ20 ዶላር ብዜት ስለነበር ካርዱ ላይ ሁልጊዜ 13 ወይም 17 ዶላር ከነሳንቲሙ ይቀራል፤ ምን ያህል እንደቀረኝ ለማየት በጠየቅኩ ቁጥር ክፍያው ከዚያችው ላይ ይቆረጣል። ቀሪ ሂሳብን በስልክ የመጠየቅ፣ ቢያንስ የ12 ወር እንቅስቃሴን ደግሞ በኢንተርኔት የማየት መብት ለካርዱ ባለቤት በደንቡ ተሰጥቶታል፤ እኔ ይህን ሳላውቅ ለማሽኑ ስገብር ከረምኩ።

ካርድ ሲጠፋ ወይም ሲሰረቅ የሚወስነው ቀኑ ነው። መጥፋቱን ባወቅን በ2 የሥራ ቀናት ውስጥ ካሳወቅን ኪሳራችን ከ50 ዶላር አይበልጥም፤ ከዘገየን እስከ 500 ዶላር ሊደርስ ይችላል። ያልፈቀድነው ወጪ በሂሳብ መግለጫው ላይ እየታየ 60 ቀን ዝም ካልን፣ ከዚያ በኋላ ለሚወሰደው ገንዘብ ጣሪያ የለውም። ቅሬታ የቀረበለት ባንክ በአብዛኛው በ10 የሥራ ቀናት ውስጥ አጣርቶ መወሰን አለበት፤ እስከ 45 ቀን ማራዘም ከፈለገ ደግሞ ገንዘቡን በጊዜያዊነት ሊመልስልን ይገባል።

በሦስተኛው ደመወዝ ዋዜማ ወደ አስተዳደር ቢሮ ተመልሼ ክፍያው ወደ ራሴ ባንክ እንዲዛወርልኝ ጠየቅኩ። ቅጹ አንድ ገጽ ብቻ ነበር፤ ከመሳቢያዋ አውጥታ የሰጠችኝም ያቺው ካርዱን ያስረከበችኝ ሠራተኛ ናት።