ልጄ ቡት ካምፕ፣ እኔ ስፌት መኪና ላይ

አሜሪካ ውስጥ ልጁን ባሕር ኃይል የሸኘ ወላጅ አንዲት ካርቶን ያውቃል። ምልምሎቹ ኢሊኖይ፣ ግሬት ሌክስ ያለው ቡት ካምፕ (የምልምሎች ማሠልጠኛ) እንደደረሱ ለብሰውት የሄዱትን ልብስ ያወልቃሉ። ልብሱ ወይ ለእርዳታ ይሰጣል፣ ወይ በካርቶን ታሽጎ ቤት ይመጣል። «ደርሻለሁ፣ ደህና ነኝ» የምትል አጭር ስልክ ትደወላለች። ከዚያ በኋላ ደብዳቤ መጠበቅ ነው። እኔም የፖስታ ሳጥን ከፍቶ መዝጋት የሙሉ ቀን ሥራዬ ሆኖ ነበር።

የእኛ ካርቶን ስትመጣ ባለቤቴ ልብሱ እንዳይታጠብ ብላ ደበቀችው። እኔ ደግሞ ቁምሳጥን ውስጥ ተቆልፎ እንዲቀር አልፈለግኩም። የምልምል ወላጆች ቅዳሜ ቅዳሜ እየተሰበሰቡ ክዊልት (ከቁርጥራጭ ጨርቅ የሚሠራ ብርድ ልብስ) ይሰፋሉ ሲባል ሰምቼ ስለነበር ሄድኩ። ወንድ እኔ ብቻ ነበርኩ። ለፈረንጆቹ ገረማቸው እንጂ ለእኔ ምንም አልመሰለኝም። እኛ አገር ሱቅ በረንዳ ላይ ሲንጀር መኪና የሚያሽከረክረው ወንድ አይደል እንዴ?

ክዊልት ሦስት ድርብ ነው። ላይኛው ከቁርጥራጭ ጨርቅ የተገጣጠመው ነው፤ መሀል የጥጥ ንጣፍ ይገባል፤ ከሥር ገበር አለ። ሦስቱ አንድ ላይ ሲሰፉ ክዊልት ይሆናሉ። እኔ የመረጥኩት የልጄን ካናቴራዎች ነበር። የትምህርት ቤቱ፣ የሩጫ ቡድኑ፣ ካርቶኗ ውስጥ የመጣችውም ጭምር፣ በጠቅላላው 12።

ካናቴራ ግን ጠባዩ ክፉ ነው። ይለጠጣል፤ መኪናው ሥር ሲገባ ይንሻፈፋል። መፍትሔው በካውያ ሙቀት የሚጣበቅ ስስ ማጠንከሪያ ጨርቅ ነው። ካናቴራውን በጎኑ ትቀድዱታላችሁ፤ የምትፈልጉትን ሥዕል ዙሪያውን ሰፋ አድርጋችሁ ትቆርጣላችሁ፤ ከጀርባው ማጠንከሪያውን ትለጥፋላችሁ። ልክ የሚወጣው ከዚያ በኋላ ነው። ቀድሞ ልክ ከወጣ ካውያው ቅርጹን ያበላሸዋል። ካውያው ደግሞ አይጎተትም፤ እየተነሳ ይጫናል። የታተመውን ሥዕል በቀጥታ ከነካው ቀለሙ ካውያው ላይ ይቀራል፤ በመሀል ጨርቅ ጣል አድርጉበት።

እያንዳንዱን በ14 ተኩል ኢንች ቆረጥኩ። ከዙሪያው ሩብ ሩብ ኢንች ስፌት ሲወስድ 14 ይቀራል። ሦስት ወደ ጎን፣ አራት ወደ ታች ደረደርኩ። በመሀላቸውና በዙሪያቸው ተሰፍቶ 2 ኢንች የሚቀር ጥቁር ሰማያዊ የጥጥ ጨርቅ አስገባሁ። ሲያልቅ 50 በ66 ኢንች ወጣው፤ ሶፋ ላይ ለተጋደመ ሰው ይበቃል።

ሩብ ኢንች ስል እንደ ቀልድ እንዳታዩት። የዚህ ሙያ ሃይማኖት እሱ ነው። አንድ ስፌት ከሩብ ኢንች በ1/16 ኢንች ቢበልጥ፣ ከሁለቱም ጨርቆች ስለሚወስድ 1/8 ይጎድላል። 15 ቁራጭ በአንድ ረድፍ ከገጠማችሁ 14 ስፌት አለ፤ ረድፉ ወደ 2 ኢንች የሚጠጋ አጠረ ማለት ነው። ከጎኑ ያለው ረድፍ ያን ያህል ካላጠረ በጭራሽ አይገጥምም። መኪናችሁን ለመፈተን ስፋታቸው 1 ተኩል ኢንች የሆነ ሦስት ቁራጮች ጎን ለጎን ስፉ። የመሀለኛው ልክ 1 ኢንች ከሆነ ቀጥሉ። ካልሆነ መርፌውን ወይ መምሪያውን አስተካክሉ። ልጇን ምድር ጦር የሰጠች አንዲት እናት ይህን ፈተና ሳላልፍ አንድም ካናቴራ አላስነካ አለችኝ። የልጄ አሰልጣኝም ከእሷ የሚብስ አይመስለኝም።

እዚያ ቤት የወደድኩት ማንም «ጻፈልህ?» ብሎ አለመጠየቁን ነው። ደብዳቤ የደረሰው ያነባል፤ ያልደረሰው ካውያ ይይዛል። ቤት ስሆን ዜና እየፈለግኩ ስልኬ ላይ እጣዳለሁ። ስለት ያለው ክብ መቁረጫ ይዞ ግን ስልክ ማየት አይቻልም፤ ጣት ይሄዳል። እንቅልፍም የመጣልኝ ስፌት ከጀመርኩ በኋላ ነው። ባለቤቴ «አንተ ሰውዬ፣ ሳሎኑን ልብስ ስፌት ቤት አደረግከው እኮ!» እያለች ታጉረመርም ነበር። በኋላ ግን ቀለም መራጭ እሷ ሆነች።

በጣም የከበደኝ ሦስቱን ድርብ ማያያዝ ነው። ገበሩን ወለል ላይ ወጠር አድርጎ በፕላስተር መያዝ፣ ንጣፉን ማልበስ፣ ላይኛውን መደረብ፣ ከዚያ በየመዳፍ ስፋቱ መርፌ ቁልፍ መሰካት። ጉልበት ይጨርሳል። ገበሩ በየጎኑ ሦስት አራት ጣት ይረፍ፤ ሲሰፋ ይሰበሰባልና። ስፌቱ ከመሀል ተጀምሮ ወደ ጠርዝ ይወጣል። ከጠርዝ የጀመረ ሰው ጨርቁ መሀል ላይ ተጠራቅሞ ይጠብቀዋል። የጠርዙን ጥብጣብ ቆርጦ መስፋት ከዚህ በኋላ ጨዋታ ነው።

አንዳንዱ «ለምን ኩዊልትስ ኦፍ ቫለር አትሰጠውም?» ይለኛል። ድርጅቱን እ.ኤ.አ. በ2003 የጀመረችው ካትሪን ሮበርትስ ራሷ ልጇ ኢራቅ የዘመተባት እናት ናት። የእነሱ ክዊልት ግን ጦርነት ለነካቸው ወታደሮችና አርበኞች ነው። ገና ሰላምታ አሰጣጥ ለሚማር ምልምል አይሆንም።

ከመቀስ በፊት ማሰብ የሚያስፈልገው ስለ ቦታ ነው። ቡት ካምፕ ውስጥ ክዊልት ቢላክ የሚያስቀምጥበት የለውም። መርከብ ላይም ዕቃው በአብዛኛው የሚገባው ፍራሹ ሥር ባለች ጥልቀት የሌላት ሳጥን ነው። ልጄ ተመርቆ ክዊልቱን ሲያይ በጣም ሳቀ፤ የጠፋችውን ካናቴራ አገኛት። ከዚያ «አባዬ፣ ቤት ይቀመጥልኝ» አለኝ። አልከፋኝም። ይዞት ሊሄድ የሚችል ነገር ለሚፈልግ ወላጅ የትራስ ልብስ ይሻለዋል፤ ሁለት ካናቴራ ይበቃል፣ በሁለት ቅዳሜ ያልቃል።

በቅርቡ አንድ ሌላ አባት መጣልን። ሴት ልጁ ገና መሄዷ ነው። ኮምፒውተር ያለው ውድ መኪና ሊገዛ ነበር። ተው አልነው። ቀጥ ያለ ስፌት የሚሰፋ አሮጌ መኪና ይበቃዋል። ገንዘቡን ላይና ታቹን ጨርቅ እኩል የሚጎትት የመኪና እግር፣ ጥሩ መቁረጫና ወፍራም ማስመሪያ ይግዛበት። ለጊዜው የእኔ መኪና ላይ ሦስቱን ቁራጭ እየሰፋ ነው። የመሀለኛዋ እስካሁን 1 ኢንች አልሞላችም።