ከአንበሳው በፊት ያለው ሌሊት

ዛሬ ማታ እንቅልፍ እምቢ ብሎኛል። ምክንያቱን የምታውቁት ታውቁታላችሁና አልደግመውም፤ ሳምንቱ ሳያልቅ መስጠት ያለብኝ መልስ አለ። እንዲህ በሆንኩ ቁጥር ትዝ የሚለኝ ኧርነስት ሄሚንግዌይ እ.ኤ.አ. በ1936 ያሳተመው፣ ከሚስቱ ጋር አፍሪካ ለአደን የሄደው የፍራንሲስ ማኮምበር ታሪክ ነው።

ብዙ ሰው ይህን አጭር ልብ ወለድ የሚያነሣው ማኮምበርን ስለ ገደለው የመጨረሻ ጥይት ለመከራከር ነው፤ ሚስቱ ከመኪናው ላይ የተኮሰችው ጎሹን ለማስቆም ነበር ወይስ ባሏን ለመግደል? እኔን የሚይዘኝ ግን ከአንበሳው በፊት ያለው ሌሊት ነው። ማኮምበር ድንኳኑ ውስጥ ጋደም ብሎ የአንበሳውን ግሳት ያዳምጣል፤ ሚስቱ እንቅልፍ ወስዷታል፤ ፍርሃቱን የሚያዋየው ሰው የለም። ደራሲው እዚህ ላይ አንድ የሶማሌ ምሳሌያዊ አነጋገር ያነሣል፦ ጀግና ሰው አንበሳን ሦስት ጊዜ ይፈራል፤ ዱካውን መጀመሪያ ሲያይ፣ ግሳቱን መጀመሪያ ሲሰማ፣ መጀመሪያ ፊት ለፊት ሲገናኙ። ማኮምበር ይህን አያውቅም። ባለማወቁም፣ ጀግኖች ሁሉ ያለፉበትን ነገር በእርሱ ላይ ብቻ የደረሰ ነውር አድርጎ ይሸከመዋል።

በማግሥቱ ከመኪናው ወርዶ ሲያነጣጥር እጁ ይንቀጠቀጣል፤ ጣቱ የሚሰበር እስኪመስለው ድረስ ምላጩን ይስባል፣ ጠመንጃው ግን እንደተቆለፈ ነው። በኋላም የቆሰለው አንበሳ ከረጅሙ ሣር ውስጥ ሲወጣበት ወደ ወንዙ ይሮጣል። ይህን ክፍል ባነበብኩ ቁጥር የማዝነው ስለ መሮጡ አይደለም፤ ሌሊቱን ብቻውን ማሳለፉ ያሳዝነኛል።

ቀጥሎ ባለው ቀን ጎሾቹን በመኪና ሲያባርሩ ፍርሃቱ ድንገት ይለቀዋል። ቆርጦ ተነሥቶ አልነበረም፤ አስቀድሞ የሚጨነቅበት ጊዜ ስላጣ ብቻ ነው። አደኑን የሚመራላቸው አዳኝ ዊልሰንም ይህንኑ ይታዘባል፤ ደስም ይለዋል፤ ሰው የሚሞተው አንዴ ብቻ ነው የሚለውንና ዕድሜውን ሙሉ የኖረበትን የሼክስፒር ቃል ያን ጊዜ እያፈረ ይነግረዋል። ስለ ድፍረቱም ብዙ እንዳያወራ ያስጠነቅቀዋል፤ ወሬ ያበላሸዋልና።

በእኛም ፉከራና ቀረርቶ ገዳዩ ዘራፍ ብሎ የሚቆጥረው የጣለውን ነው፤ ከአደኑ በፊት ስለነበረው ሌሊት የሚናገር ስንኝ እስከ ዛሬ አልሰማሁም። ምናልባት ዊልሰንን ዝም ያሰኘው ያው እፍረት ይሆናል። ለእኔ ግን ዝምታው ይከብደኛል። ቃሉን ይዞት ነበር፤ የሰጠው ግን ማኮምበር መፍራቱን ካቆመ በኋላ ነው።

በአንበሳው ቀን ማለዳ፣ ቁርስ ላይ፣ ቢነግረውስ? ሰውየው ሣሩ ውስጥ ጸንቶ ይቆም ነበር? ወይስ እንዲህ ያለ ቃል ትርጉም የሚኖረው ፍርሃቱ ካለፈ በኋላ ብቻ ነው? ጎሾቹ ለመፍራት ጊዜ አልሰጡትም፤ ጊዜ የተሰጠው ሰው፣ ግሳቱን ሌሊቱን ሙሉ የሚሰማው፣ ድፍረቱን ከማን ይቀበላል?