ፊርማ ፍለጋ፦ ከሊቨርፑል እስከ አቢ ሮድ

ከለንደን ዩስተን ጣቢያ የተነሳ ባቡር ሊቨርፑል ላይም ስትሪት ለመድረስ ሁለት ሰዓት ከምናምን ይፈጅበታል። የእህቴ ልጅ መንገዱን ሙሉ የጆሮ ማዳመጫዋን አላወለቀችም። ዩኒቨርሲቲ ስትጨርስ ለንደን አመጣሻለሁ ብያት ነበር፤ ጨረሰችና መጣች። ሌላ ሰው ለንደን ሲመጣ ቢግ ቤንን ማየት ያምረዋል። እሷ ያማራት የስልሳዎቹን የእንግሊዝ የሙዚቃ ቡድን የቢትልስን አገር ማየት ነው። ቦርሳዋ ውስጥ ከአባቷ ቤት ያመጣችው አንድ የሸክላ ሽፋን አለ። ሸክላው ተጭሮ ስለማይዘፍን እቤት ቀርቷል።

"ማን እንዲፈርምልሽ ነው?" አልኳት።

"ሁለቱ አሉ አይደል እንዴ አክስቴ?"

አሉ። ከአራቱ ቢትልሶች ፖል ማካርትኒና ሪንጎ ስታር ሰማንያን አልፈዋል። ጆን ሌነን በ1980 ተገደለ፣ ጆርጅ ሃሪሰን ደግሞ በ2001 አረፈ። (እዚህ የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) ነገር ግን ሁለቱም ፊርማ ላይ በሩን ዘግተዋል። ሪንጎ በ2008 ባወጣው አጭር ቪዲዮ፣ ከኦክቶበር 20 በኋላ የሚላክለትን ነገር እንደማይፈርምና ፖስታው እንደሚጣል አስታወቀ። በየመሃሉ ደግሞ "ሰላምና ፍቅር" ይላል። ብዙ አድናቂ ተቀየመው። ፖልም በ2021 መፈረም እንደማይወድ ተናግሯል። እሱ እንደሚለው ማን እንደሆነ ጠያቂውም ያውቃል፣ እሱም ያውቃል፤ ታዲያ ስሙን ወረቀት ላይ መጫሩ ምን ያደርጋል? ከዚያ ይልቅ ቆም ብሎ ማውራት ይመርጣል።

ይህን ሁሉ የእህቴ ልጅ ከእኔ በላይ ታውቃለች። ሽፋኑን ግን ይዛ መጥታለች።

ሊቨርፑል እንደገባን ቀጥታ ወደ ማቲው ስትሪት ሄድን። ጠባብ መንገድ ነው፤ ከጠዋት ጀምሮ ከየበሩ ሙዚቃ ይወጣል። ኬቨርን ክለብ ለመግባት ደረጃ ይወረዳል፣ ወርደው ወርደው መሬት ውስጥ ያሉ የጡብ ቅስቶች ስር ይገባሉ። የመጀመሪያው ክለብ በ1973 ተዘግቶ ፈርሷል። የዛሬው በ1984 ብዙውን የድሮ ጡብ ተጠቅሞ እንደገና የተሠራ ነው። ቢትልሶች ከ1961 እስከ 1963 እዚህ 292 ጊዜ ተጫውተዋል ይላል ክለቡ። አብዛኛው የምሳ ሰዓት ዝግጅት ነበር። የቢሮ ጸሐፊዎችና የሱቅ ሠራተኞች በምሳ እረፍታቸው ሮጥ ብለው ይመጡና ሰምተው ወደ ሥራቸው ይመለሳሉ።

ያኔ ፊርማ ማግኘት ቀላል ነበር። ክለቡ መጠጥ ስለማይሸጥ ልጆቹ ከመድረክ ወርደው እዚያው መንገድ ላይ ወዳለው ግሬፕስ መጠጥ ቤት ጎራ ይሉ ነበር። የፈለገ ሰው ያገኛቸዋል። ስምሽ ማነው ይሉና ይፈርማሉ።

እነዚያ የምሳ ሰዓት ታዳሚዎች መሃል አንዲት የ17 ዓመት ጸሐፊ ነበረች፣ ፍሪዳ ኬሊ። ሥራ አስኪያጃቸው ብራያን ኤፕስታይን ቀጠራትና የአድናቂዎች ማኅበሩን ለ10 ዓመት ያህል መራች። እኔ ይህችን ሴት በጣም ነው የማከብራት። ስትጀምር የማኅበሩ አድራሻ አድርጋ የሰጠችው የራሷን ቤት ነበር። ደብዳቤው በጆንያ መምጣት ሲጀምር አባቷ የራሳቸውን ፖስታ ከመሃሉ መፈለግ ግድ ሆነባቸው! አንዷ አድናቂ የትራስ ልብስ ልካ፣ ሪንጎ ተኝቶበት ፈርሞበት እንዲመለስላት ጠየቀች። ፍሪዳ የትራስ ልብሱን ለሪንጎ እናት ሰጠች፤ እሱም ተኛበት፣ ፈረመበት፣ ለልጅቷም ተላከላት።

ሌላም አለ። ከቢትልሶች ፀጉር ትንሽ ቁራጭ እንዲላክላቸው የሚለምኑ ነበሩ። ከረዳቶቿ አንዷ የሌላ ሰው ፀጉር ቆርጣ ልትልክ ስትል ፍሪዳ ደረሰችበትና ከሥራ አባረረቻት። ራሷ አድናቂ ናት፤ ደብዳቤ ልኮ መጠበቅ ምን እንደሆነ ታውቃለች። አንዲት ልጅ በሩቅ አገር ፖስታ ስትከፍት ውስጡ ያለው ውሸት እንዳይሆን ተጨነቀችላት። ለእኔ ከዚያ ዘመን ታሪክ ሁሉ ይሄ ነው ልቤን የሚነካው።

ምክንያቱም ሁሉም እንደ ፍሪዳ አልነበረም። ከ1963 በኋላ ጥያቄው ከአቅም በላይ ሆነ። አራት ወጣቶች በቀን ለመቶዎች ሊፈርሙ አይችሉም። ስለዚህ አብረዋቸው የሚዞሩት ኒል አስፒናልና ማል ኢቫንስ የአራቱንም ፊርማ አስመስለው መፈረም ያዙ። ከመልበሻ ክፍል ደጃፍ ደብተሩን ተቀብለው ይገቡና፣ ፈርመው ለልጆቹ ይመልሱላቸዋል። ልጆቹ በደስታ ያለቅሳሉ። ስንቷ ናት ዛሬ አያት ሆና በፍሬም የሰቀለችው የኒል እጅ ጽሑፍ የሆነባት? እንዲህ ያለውን ነገር ማንም በደስታ ጊዜዋ ባይነግራት ይሻላል። በጨረታ ገበያ ግን ልዩነቱ ሰማይና ምድር ነው። በ2013 አራቱ የፈረሙበት አንድ የሰርጀንት ፔፐር አልበም ሽፋን አሜሪካ ውስጥ በ290,500 ዶላር ተሸጧል።

ሊቨርፑል መሃል አንድ የማስታወሻ እቃ ሱቅ ገብተን ነበር። መስታወት ውስጥ ፊርማ ያለበት ገጽ ተሰቅሏል፤ ከደብተር የተቀደደ፣ ጠርዙ የተሸራረፈ፣ ቀለሙ ወደ ቡኒ የሄደ። ከላይ የአንዲት ሴት ስም ተጽፎበታል፤ ለእሷ ተብሎ የተፈረመ ነው። የእህቴ ልጅ አፍንጫዋን መስታወቱ ላይ ለጥፋ ቀረች። ሻጩ ጥሩ ሰው ነው፣ ጊዜ ወስዶ አስረዳን። ብዙ ጊዜ የሰው ስም ያለበት ፊርማ ስም ከሌለበት ያነሰ ያወጣል አለን። ገዢው የሌላ ሰው ስም ግድግዳው ላይ መስቀል አይፈልግም። እኔ ግን እዚያው ቆሜ የገዢዎቹ ሐሳብ አልገባ አለኝ። ስሙ እኮ ነው ምስክሩ! አንዲት ልጅ ቀርባ ስሟን ተናግራለች፣ እሱም ሰምቷታል። ከዚህ በላይ ምን ይፈለጋል?

በማግስቱ ለንደን ተመለስን፣ ቢትልሶች ዘፈኖቻቸውን ይቀዱበት ወደነበረው ወደ አቢ ሮድ ስቱዲዮም ወጣን። ለመሄድ ላሰባችሁ አንድ ምክር፦ አቢ ሮድ የሚባል የባቡር ጣቢያ ምሥራቅ ለንደን ውስጥ አለ፤ ከስቱዲዮው ጋር ምንም አያገናኘውም። የሚወረደው በጁብሊ መስመር ሴንት ጆንስ ዉድ ላይ ነው። ከዚያ በእግር አምስት ደቂቃ ቢሆን ነው።

መጀመሪያ የሚታየው የእግረኛ መሻገሪያው ነው። በኦገስት 8 ቀን 1969 የአቢ ሮድ አልበም ሽፋን ፎቶ አንሺ መሰላል ላይ ወጥቶ፣ ፖሊስ መኪና አስቁሞለት፣ አራቱን እየተሻገሩ ስድስት ጊዜ አነሳቸው። ዛሬ መሻገሪያው በቅርስነት ተመዝግቧል። ቱሪስቱ መሃል መንገድ ላይ ቆሞ ፎቶ ሲነሳ 139 ቁጥር አውቶቡስ ጥሩምባውን ይነፋል። አንዳንዱ እንደ ፖል ጫማውን ያወልቃል።

"አክስቴ፣ የፖል ቤት እኮ እዚህ ቅርብ ነው" አለችኝ የእህቴ ልጅ። እውነቷን ነው፣ በ1965 የገዛው ቤት ከዚያ ብዙ አይርቅም።

"አንሄድም" አልኳት።

"ለምን? ሰው ድሮ ሌሊቱን ሁሉ በሩ ላይ ያድር ነበር።"

ያድር ነበር። አንዳንዶቹ እንዲያውም መሰላል ከግቢው አንስተው፣ በመታጠቢያ ቤት መስኮት ገብተው እቃ ወስደዋል። ፖል ዘፈን ሠራበት እንጂ እኔ ብሆን ቤቱን ለቅቄ እሄድ ነበር። ከሁሉም በላይ ግን ዲሴምበር 8 ቀን 1980 አለ። ሌነን ኒውዮርክ ውስጥ ከቤቱ ሲወጣ አንድ ወጣት ሸክላ ዘረጋለት። ሌነን ፈረመለት። ማታ ሲመለስ ያው ሰው ተኩሶ ገደለው። ይህን የሚያውቅ ሽማግሌ በሩ ላይ ማርከር ይዞ የሚጠብቀውን ሰው ሲያይ ምን ይሰማዋል? ልጅቷ ትንሽ አኮረፈች፣ በኋላ ግን "ልክ ነሽ" አለችኝ።

ስቱዲዮው ፊት ለፊት አጠር ያለ ነጭ የአጥር ግንብ አለ። ከዳር እስከ ዳር በጽሑፍ ተሸፍኗል። በየጊዜው በነጭ ቀለም ይቀባል፣ ወዲያው ደግሞ ይሞላል። ጠጋ ብላችሁ አንብቡት። በፖርቱጋልኛ፣ በጃፓንኛ፣ በአረብኛ፣ በሁሉም ቋንቋ ተጽፎበታል። "እናቴ እዚህ መምጣት ትፈልግ ነበር" የሚል አለ። ሁለት ስም በልብ ቅርጽ ውስጥ አለ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ስንጨርስ ለመለያያ የምንጽፍበትን አውቶግራፍ ደብተር አስታወሰኝ፤ ያው ናፍቆት፣ ያው ግፊያ፣ ቦታ ሲያጣ ጥግ ላይ መጻፍ።

ግንቡ አጠገብ አንዲት ብራዚላዊት ሴትዮ አገኘን። ስልሳ ሊሞላት ነው። የእህቴ ልጅ ሽፋኑን ስታወጣ አይታ ነው የቀረበችን። እዚህ የስቱዲዮው ደረጃ ላይ በ1960ዎቹ ውርጭና ዝናብ ሳይሉ ስለሚጠብቁት ልጃገረዶች የነገረችን ዘመዶቿን እንደምታነሳ ሆና ነው። ጆርጅ ሃሪሰን በ1970 አልበሙ ላይ የዘፈነላቸው እነሱን ነው። ከመሃላቸው ሊዚ ብራቮ የምትባል የ16 ዓመት ብራዚላዊት ነበረች። ፌብሩዋሪ 4 ቀን 1968 ፖል ከውስጥ ወጥቶ፣ ቀጭን ድምፅ አውጥታ መያዝ የምትችል አለች ወይ ብሎ ጠየቀ። ሊዚና አንዲት እንግሊዛዊት ጓደኛዋ ገቡ፣ "አክሮስ ዘ ዩኒቨርስ" ላይም ዘፈኑ። ያ ቅጂ በሚቀጥለው ዓመት በበጎ አድራጎት አልበም ወጣ። ፊርማ ልትለምን የቆመች ልጅ ድምጿ ሸክላው ላይ ቀረ! ሴትዮዋ ይህን ስትናገር ዓይኗ እንባ አቀረረ፣ እኔንም አስለቀሰችኝ።

ከዚያ የራሷን አሳየችን። የአቢ ሮድ አልበም ሽፋን ነው፣ ከጀርባው ቦታ የለውም። አንድም የቢትልስ ፊርማ የለበትም። የፈረሙት በሊቨርፑል፣ በሃምቡርግ፣ እዚህም ያገኘቻቸው አድናቂዎች ናቸው። ስማቸውንና ከተማቸውን ጽፈዋል። ስክሪፕቶዋን ለእህቴ ልጅ ሰጠቻት። ልጅቷ በግዕዝ ፊደል ስሟን ጻፈች፣ ከሥሩም "አዲስ አበባ" ብላ ጨመረች። ከዚያ የአባቷን ሽፋን አውጥታ ለሴትዮዋ ሰጠቻት፤ እሷም ፈረመችበት። ሁለት ጣሊያኖችም መጥተው ፈረሙ። እኔም።

ሴትዮዋ እስከ እሑድ ለንደን ናት። በጃንዋሪ 30 ቀን 1969 ጣሪያው ላይ ለመጨረሻ ጊዜ በአደባባይ አብረው የተጫወቱበትን የሳቪል ሮው 3 ቁጥር ሕንፃ እስካሁን አላየሁም አለችን። እኛም አላየነውም። ለነገ አራት ሰዓት እዚያ በሩ ላይ ተቀጣጠርን፤ ጣሊያኖቹም እንመጣለን ብለዋል።